በወኪል የመጣ ሙሽራ

ዝም ብል ኖሮ ያን እሑድ ከዙሁር ሶላት በፊት የኢምራን ሚስት ሆኜ ነበር። የሚጠበቅብኝ ዝም ማለት ብቻ ነበር። በእኛ ቤት ሥርዓት ኒካህ ሲታሰር ሙሽራዋ ወንዶቹ መሃል አትቀመጥም። ሁለት ምስክሮች ክፍሏ በር ላይ መጥተው «አባትሽ እንዲድሩሽ ወክለሻል ወይ?» ብለው ይጠይቋታል። ዝም ካለች ዓይነ አፋርነቷ ነው ይባልና ዝምታዋ እንደ እሺታ ይቆጠራል። እናቴ እንደዚያ ተዳረች፣ አክስቶቼም እንደዚያው። አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም።

እኔ ተነፈስኩ። እስከ ዛሬ ድረስ አማኑኤል አካባቢ ያሉ የሰፈራችን ሴቶች ሳልፍ ሲያዩኝ ይንሾካሾካሉ። ይንሾካሾኩ። ምን እንዳናገረኝ ግን አንዳቸውም ጠይቀውኝ አያውቁም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እኔው እናገራለሁ።

የአባቴ ሱቅ ጎጃም በረንዳ ነው። ሳሙና፣ የዱቄት ሳሙና፣ በረኪና፣ ሶፍት፣ እንዲህ ያለውን በጅምላ እንሸጣለን። አባቴ ሙነወር በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ እዚሁ መንገድ ላይ ሳሙና እያዞረ ሸጦ ነው ሱቅ የያዘው። እኔ ሪሐና ደግሞ ትምህርት ስጨርስ ሱቁን ተረከብኩ። የመርካቶ ልጅ ነኝ፣ አፌ አያርፍም። ይሄን የሚያውቁ ደንበኞች ከእኔ ጋር ሳይሆን ከአባቴ ጋር መከራከር ይመርጣሉ።

ኢምራንን ያገኘሁት ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ መንገዱን ጭቃ ባደረገበት ቀን ነው። አንድ ረጅም ወጣት ጋሪ ሲሸሽ ተንሸራቶ ወድቆ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ሱቃችን ገባ።

«እህት፣ አንድ ሳሙና ስጪኝ።»

«ጅምላ ነው። በካርቶን ነው የምንሸጠው።»

«አንድ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«እኔ ደግሞ ለአንድ ሳሙና ካርቶን አልቀድም። ማዶ ኪዮስክ አለልህ።»

«እንዲህ ሆኜ እንዴት ልሻገር? ሰዉ ሁሉ እየሳቀብኝ ነው እኮ።»

እኔም ሳቅሁበት። እሱ ግን አልተቆጣም። ካርቶኑን ሙሉውን ገዛ፣ አንዷን ሳሙና አወጣ፣ ውሃ ለመነኝ። ከደጅ በርሜል ቀድቼ ሰጠሁት። ሱሪውን እያሸ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም እያየሁት ስለነበር በየጊዜው ተያየን። የቀረውን ሳሙና «ነገ እወስደዋለሁ» ብሎ ትቶት ሄደ።

በማግስቱ ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ መጣ። የአንድ ሳሙና ፋብሪካ የሽያጭ ሥራ አስኪያጅ ነበር።

«ትናንት የሸጥሽልኝ ሳሙና ጭቃ አያስለቅቅም» አለኝ ካርዱን እየሰጠኝ። «የኛን ሞክሪ።»

«ሳሙና ሻጭ ሆነህ ነው የሰው ሳሙና የገዛኸው?»

«ናሙናዬ ሁሉ አብሮኝ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ነበር።»

አባቴ ከውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። አባቴ በቀላሉ የሚስቅ ሰው አይደለም። የኢምራንን ሳሙና ከዚያን ቀን ጀምሮ መሸጥ ጀመርን። እሱም ትዕዛዝ ለመቀበል ይመጣ ጀመር። ትዕዛዝ በስልክ እንደሚሰጥ ሁለታችንም እናውቃለን። መጥቶ ባንኮኒውን ተደግፎ ይቆማል። ደንበኛ ሲበዛ ዝም ብሎ ያየኛል፣ ደንበኛው ሲሄድ የሚለው ይጠፋዋል። እኔም ያ ሁሉ ምላሴ የት እንደሚገባ አላውቅም ነበር። ወደድኩት። ነገሩን ማስረዘም አያስፈልግም፤ በጣም ነው የወደድኩት።

ከዚያ ሐዋሳ ላኩት።

ሥራው እንዲህ ነው፦ ኩባንያው ገበያ ያልያዘበትን ከተማ ይመርጣል። ኢምራን ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ መጋዘን ይከራያል፣ ሻጭ ይቀጥራል፣ ባለሱቁን በየበሩ እየዞረ ያግባባል። ከተማው ሳሙናውን ሲለምድ ቅርንጫፉን ለሌላ ሰው አስረክቦ ወደሚቀጥለው ያቀናል። ከሐዋሳ ጅማ፣ ከጅማ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ድሬዳዋ። በየመሃሉ አውቶቡስ ተራ ሲወርድ ሻንጣውን እንደጎተተ ቀጥ ብሎ ወደ ሱቃችን ይመጣል።

«ይሄ የመጨረሻው ነው ሪሐና።»

«የጅማውም የመጨረሻ ነበር እኮ።»

«ይሄ የእውነት የመጨረሻ ነው። ትንሽ ጊዜ ብቻ። ምን ትያለሽ?»

ምን እላለሁ? ዝም እላለሁ። እሱም ዝምታዬን እንደ ስንቅ ይዞት ይሄዳል። ለደንበኛ አንዲት ሳንቲም የማልለቅ ሴት ለእሱ ዓመታት ለቀቅሁለት። ይሄን ሳስብ አሁንም ያበሽቀኛል።

የሚላክበትን ከተማ የሚመርጠው ይገረም የሚባል አለቃው ነበር። አለቃው ብቻ ቢሆን ኖሮ ኢምራን አንድ ቀን እምቢ ይለው ነበር። ግን ይገረም የዶርም ጓደኛው ነው። ኮሌጅ ሳሉ ኢምራን፣ ይገረምና ሙስዓብ አንድ ክፍል ነበር የሚኖሩት። ሁለተኛ ዓመት ላይ የኢምራን አባት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ሞተና ኢምራን ትምህርቱን አቋርጦ ሊሄድ ሻንጣውን አሰረ። ሁለቱ ጓደኞቹ ሻንጣውን ደብቀው አስቀሩት። ይገረም የጎጃም ክርስቲያን ነው፤ ረመዳን ሲሆን ግን ከካፌ የተቀበለውን እራቱን ሳይበላ አስቀምጦ ሊነጋ ሲል ለሱሑር እንዲበላው ኢምራንን ይቀሰቅሰው ነበር አሉ። ይሄን ታሪክ ኢምራን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

እኔም መጀመሪያ ስሰማው አልቅሼ ነበር። ኋላ ግን የዶርም ልጆች የሚለው ቃል ራሱ ያንገሸግሸኝ ጀመር። የአንዱ እናት ታማ ኢምራን ይሮጣል፤ አንዱ ቤት ሲቀይር ኢምራን ዕቃ ይሸከማል፤ ይገረም «ድሬዳዋ» ሲል ኢምራን ድሬዳዋ ነው። እኔ ጋ ሲደርስ ትንሽ ጊዜ ብቻ።

ያም ሆኖ ሽማግሌ ላከ። አጎቱ ከሐይቅ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። አባቴ እንደ ወጉ «እንመካከር» እያለ መለሳቸውና በሦስተኛው ሰጠ። ሠርጉ እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ። ኢምራን ያኔ ጅግጅጋን እየከፈተ ነበር፤ ከሠርጉ በፊት አስረክቦ እንደሚመጣ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ እንደሚቀመጥ ነገረኝ። አመንኩት። ሂና ተቀባሁ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደወለ።

«ሪሐና፣ የመጋዘኑ ምረቃ ተገፍቶ እሑድ ሆነ። የክልሉ ሰዎች ሁሉ ይመጣሉ።»

«እና?»

«ይገረምን ማዋረድ አልችልም። የዶርም ልጆች ስም ነው ያለበት። ሼሁን ጠይቄያለሁ፣ ኒካህ በወኪል ይታሰራል። ሙስዓብ በእኔ ቦታ ይቀመጣል። እኔ ማክሰኞ እደርሳለሁ፤ ትንሽ ቀን ብቻ ናት። ምን ትያለሽ?»

ግቢያችን ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነበር። እናቴ ጠሂራ ሽንኩርት ከሚከትፉት ሴቶች መሃል ሆና በፈገግታ ታየኛለች። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ።

«ሪሐና? ... እሺ፣ አላህ ይስጥሽ። አውቅ ነበር እንደምትረጂኝ» ብሎ ዘጋው።

ለእናቴ ስነግራት «በሸሪዓው ይፈቀዳል ልጄ። ስንቱ ሰው ዓረብ አገር ሆኖ በወኪል አግብቷል» አለችኝ። አባቴ ትንሽ ፊቱን አጠቆረና «ድንኳኑ ተተክሏል፣ በሬው ታርዷል» ብሎ ወጣ። ልክ ናቸው፤ ይፈቀዳል። ዓረብ አገር ያለ ሰው መምጣት ስለማይችል ነው የሚወክለው። ኢምራንም መምጣት አይችልም፤ ይገረም ይዞታል። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ እያልኩ ንዴቴን ሁሉ ይገረም ላይ ከመርኩት። ይገረምን እየሰደብኩ ልብሴን ለካሁ፣ ይገረምን እየሰደብኩ ፀጉሬን ተሠራሁ።

እሑድ ጠዋት ከክፍሌ መስኮት ወደ ግቢው ሳይ ሙስዓብ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ቆብ አድርጎ የሙሽራው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ምስኪን፣ በሰው ሠርግ ያልበዋል። ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ በተዘጋጀው ማዕድ ዘንድ ደግሞ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሰሃን ይዞ ይሳሳቃል። ኢምራን ስልኩ ላይ ደጋግሞ ፎቶውን አሳይቶኝ ስለነበር አወቅሁት። ይገረም ነው!

የአክስቴን ልጅ ልኬ በጓሮ በኩል አስጠራሁትና ሻሼን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ በሩን ከፈትኩት።

«ሙሽሪት! እንኳን ደስ አለሽ!» አለ ሰሃኑን እንደያዘ።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እንዴት ምን እሠራለሁ? የወንድሜ ሠርግ እኮ ነው።»

«ወንድምህን ጅግጅጋ አስቀምጠህ አንተ ድግስ ልትበላ መጣህ? አታፍርም?»

የሚስቀው ፊቱ ከሰመ። ሰሃኑን መሬት አስቀመጠው።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት ያለሽ?»

«ምረቃው ያለ እሱ አይሆንም አላልክም?»

«ስሚኝ ሪሐና። እኔ ለቅዳሜ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጬ ልኬለታለሁ። ምረቃውን ምክትልህ ይመራዋል፣ ተነስና ና ብዬዋለሁ። ስልክ ላይ ተጣልተናል። እምቢ ያለኝ እሱ ነው።»

«ምን ብሎ?»

«‹በወኪል ይታሰራል፣ ሪሐና ተስማምታለች› ብሎ።»

ተስማምታለች። በሩን ዘጋሁበት። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሁለት ቀን ይገረም ላይ የከመርኩት ንዴት ሁሉ ባለቤቱን አገኘ። ሰው አስገድዶት ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር፤ ትኬት እጁ ላይ እያለ፣ ሠርጉ ላይ መገኘት እየቻለ፣ ሳሙና ሲያስመርቅ መዋልን መረጠ። እኔን ደግሞ ተስማምታለች ብሎ አስመዘገበኝ።

ያኔ ነው በሩ የተንኳኳው። ሁለቱ ምስክሮች፣ ከኋላቸው እናቴና አክስቶቼ እልል ለማለት አፋቸውን አዘጋጅተው ቆመዋል። ከምስክሮቹ አንዱ የአባቴ የድሮ ጓደኛ ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከረሜላ ያበሉኝ ሰው።

«ልጄ ሪሐና፣ ኢምራን በወኪሉ በሙስዓብ በኩል አንቺን ለማግባት ጠይቋል። አባትሽ እንዲድሩሽ ወክለሻል ወይ?»

ዝም አልኩ። ለመናገር ትንፋሽ እየሰበሰብኩ ነበር። የአባቴ ጓደኛ ፈገግ አሉና ለመመለስ ዞሩ፤ አክስቴ እልልታውን ጀመረችው።

«አልወከልኩም!»

እልልታው መሃሉ ላይ ተቆረጠ።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«አልወከልኩም ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሙሽራው ራሱ ያልመጣበት ሠርግ የእኔ ሠርግ አይደለም። ማንም ስለኔ እሺ አይበል።»

እናቴ ፊቷን ያዘች። የቀረውን ምን ልበላችሁ? ግቢው እንደ ንብ ቀፎ ሆነ። የኢምራን አጎት «እንዲህ ያለ ውርደት!» እያሉ ጫማቸውን ሳያጠልቁ ወጡ። ምስኪኑ ሙስዓብ የሙሽራ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ይነሳ አይነሳ ግራ ገብቶት ወደ መስኮቴ ያያል። አባቴ የድንኳኑ ምሰሶ ሥር ሄዶ ለብዙ ሰዓት ብቻውን ቆመ። ሰውን ሁሉ መጋፈጥ ችዬ የእሱን ጀርባ ማየት አቃተኝ።

ሰኞ ሱቅ ከፈትኩ። ቤት ብቀመጥ የአክስቶቼ ለቅሶ ይገድለኝ ነበር። ረፋዱ ላይ ኢምራን ገባ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሸሚዙ ተጨማድዷል። ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ ነገሩን አይተው በጥግ በጥግ ወጡ።

«አዋረድሽኝ» አለኝ። «አጎቴን፣ እናቴን፣ ጓደኞቼን። አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ብቻ ዓርብ ዕለት ብትነግሪኝ ምን ነበር?»

«ትኬት ነበረህ።»

ዝም አለ።

«ደግሞ አንተ ዝም ልትል ነው? የእኔ ዝምታ እሺ ከሆነ የአንተ ምንድነው? ትኬት ነበረህ ወይስ አልነበረህም?»

«ነበረኝ።»

«ታዲያ ይገረምን ማዋረድ አልችልም ያልከኝ ምንድነው?»

«እውነቴን ነው!» ባንኮኒውን በመዳፉ መታው። «ኩባንያው ውስጥ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ‹የይገረም የዶርም ልጅ›። ስም የለኝም። ሐዋሳን ስከፍት ይገረም ረድቶት ነው አሉ። ጅማንም ድሬዳዋንም እንደዚያ አሉ። ጅግጅጋ የእሱ እግር ያልረገጠው የመጀመሪያው ከተማ ነው። ጥዬው መጥቼ ቢበላሽ፣ ይገረም በጓደኝነት ነው ያስቀመጠው ይሉ ነበር። እሱንም አብሬ አሳፍረው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የቀሰቀሰኝን ሰው!»

«እኔን ብትጥል ግን ማንም ምንም አይልህም።»

«አንቺማ ትጠብቂያለሽ ብዬ ነው!»

ከአፉ እንደወጣ ሁለታችንም ሰማነው። እጁን ከባንኮኒው አነሳ። እኔ ደግሞ ልጮህ የነበረው ጩኸት ጠፋኝ። የምጠብቅ መሆኔን እወደው ነበር እኮ! አንዳንዴ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ በራሴ የምኮራው በዚያ ነበር። ለእሱ ግን መጋዘን ውስጥ እንዳለ ዕቃ ነበርኩ፤ የትም አልሄድማ።

«ሪሐና ...» አለ ቀስ ብሎ። «ምን ላድርግ? ንገሪኝ። ሥራውን ልቀቅ ካልሽ ዛሬ እለቃለሁ።»

ልቤ ወደ እሱ ሄደ። እጁን ብይዘው፣ ልቀቅ ብለው በቃ የኔ ነበር። ንዴቴ ግን አልፈቀደልኝም፤ ንዴቴ ከእኔ የበለጠ ያውቅ ነበር መሰለኝ።

«አልነግርህም። ይገረም ለሠርግህ ና ሲልህ ያልመጣህ ሰው እኔ ና ስልህ ብትመጣ፣ ነገ ደግሞ ስለ ቀረብህ ነገር ሁሉ በእኔ ታሳብባለህ። ሰበብህ አልሆንም። የምትፈልገውን አንተው እወቀው።»

አየኝ፣ አየሁት። ከዚያ ወጣ። መጋዘኑ ውስጥ ገብቼ ካርቶኖቹ መሃል ተቀምጬ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ስልኬ ላይም ቁጥሩን እንዳይገባ ዘጋሁበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር። መርካቶ ወሬ አይጠፋውም፤ ደንበኛው ሁሉ ሳሙና ሊገዛ ሲመጣ እኔን አይቶ ነው የሚሄደው። አባቴ ደግሞ ማናገር ተወኝ። ሱቅ ውስጥ አጠገቡ ቆሜ ለእናቴ ይደውልና «ለልጅሽ ንገሪያት፣ በረኪናው እያለቀ ነው» ይላታል። እናቴ ትደውልልኛለች። «ለአባዬ ንገሪው፣ ትናንት አዝዣለሁ» እላታለሁ። መጀመሪያ አስለቀሰኝ፤ ኋላ እናቴ «እናንተ ሰዎች ካርዴን ጨረሳችሁት!» ብላ ጮኸችብንና ሁለታችንም ሳቃችንን ዋጥን።

ኢምራንን አልረሳሁትም። ንዴቴም አልበረደም። ጠዋት የምነሳው ተናድጄ ነው፣ የምተኛውም ተናድጄ ነው። በየመሃሉ ይናፍቀኛል፤ ሲናፍቀኝ ደግሞ ይበልጥ እናደዳለሁ።

ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፋብሪካው አይሱዙ ሳሙና ጭኖ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። ከጋቢናው የወረደው ኢምራን ነበር። ሱፍ የለም፣ ከረባት የለም። ሻጮቹ የሚለብሱትን የኩባንያውን ቲሸርት ለብሷል። ከስቷል።

እጄ ላይ የነበረውን ካርቶን ለቀቅሁት።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«የአዲስ ከተማ መስመር ሻጭ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ትዕዛዝሽን የምቀበለው እኔ ነኝ።»

«ሥራ አስኪያጅነቱስ?»

«መለስኩት።»

«ይገረም ቀጥቶህ ነው?»

«ይገረም ሊደበድበኝ ነበር። ‹ለሴት ብለህ ራስህን አወረድክ› አለኝ። ለእሷ ብዬ አይደለም አልኩት።»

ይሄ ደግሞ ሌላ ንዴት አመጣብኝ። «ለእኔ ካልሆነ ለምን መጣህ ታዲያ?»

«ለራሴ ነው የመጣሁት።» ግንባሩን ጠረገ። «ጅግጅጋ ተሳካ። ስሜን ሁሉ አወቀው፤ ‹ጅግጅጋን የከፈተው ልጅ› ይሉኛል። አሶሳን ክፈት አሉኝ። የፈለግኩትን ሁሉ አገኘሁና ለአንቺ ልነግርሽ ስልኬን አነሳሁ። አይገባም። ዘግተሽኛል። ለሌላ ሰው ልንገር ብዬ አሰብኩ፤ ለማንም መንገር አላማረኝም። በሄድኩበት ከተማ ሁሉ ፍራሼን መሬት ላይ ዘርግቼ ነው የምተኛው፤ አልጋ ለመጫን አይመችም። አሁን አማኑኤል ቤት ተከራይቼ አልጋ ገዛሁ። ከባድ የእንጨት አልጋ። አራት ሰው ነው የተሸከመው።»

ሳቄ ሊመጣ አለ። አስቀረሁት።

አባቴ ከውስጥ ወጣ። ኢምራን ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አንገቱን ሰበረ።

«ጋሼ ሙነወር፣ በድዬዎታለሁ። አሁን የምልከው ሽማግሌ የለኝም። አጎቴ ሁለተኛ በእኔ ጉዳይ አልሄድም ብለዋል። ሙስዓብ ደግሞ ጀለቢያውን ለሰው ሰጥቶታል። ራሴ መጥቻለሁ። ልጅዎን እንዲሰጡኝ ነው።»

ወንድ ልጅ በራሱ አፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቅ በር ላይ ቆሞ የሰው ልጅ ሲጠይቅ አባቴ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። የሚሰድበው መስሎኝ ነበር።

«እኔ አንዴ ሰጥቼ ልጄ አስመልሳኛለች» አለ። «ሁለተኛ እሷን ሳልሰማ አፌን አልከፍትም። ራሷን ጠይቃት፤ መናገር ትችላለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ከሠርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አናገረኝ። «አንቺም መልሺለት። ሰው እየጠበቀ ነው።»

እውነትም ሰው እየጠበቀ ነበር። በረኪና ልትገዛ የመጣች ሴት ብሯን እንደጨበጠች አፏን ከፍታ ቆማለች። ሁለት ወዛደሮች ጋሪያቸውን ተደግፈዋል። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ በመስኮት አንገቱን አውጥቷል።

ኢምራን ወደ እኔ ዞረ። ምን ትያለሽ አላለኝም።

«ሪሐና፣ ታገቢኛለሽ?»

ፊቱን አየሁት። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ አውቶቡስ፣ ያ ድንኳን፣ የአባቴ ጀርባ፣ ሁሉም ፊቴ ድቅን አለ። አልተውኩለትም። አንዱንም አልተውኩለትም። ግን ቆሟል፤ ራሱ፣ በእግሩ፣ እዚሁ ቆሟል።

«እሺ» አልኩት ጮክ ብዬ። «ግን እንደተናደድኩ ነው።»

«ይገባኛል።»

«አይገባህም! በጣም ነው የተናደድኩት።»

«እሺ። እስከ መቼ?»

«አላውቅም» አልኩት። «እዚሁ ሆነህ ጠብቅ።»